ካልሲ ነፍስ አለው፣ ጫማ የለውም፦ ክሪ መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር

ኤድመንተን ውስጥ በሳምንት አንድ ማታ ክሪ እማራለሁ። ክሪ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዘዬው ብዙ ነው። እኛ የምንማረው የሜዳውን ክሪ ሲሆን ባለቤቶቹ ኔሂያዌዊን ይሉታል።

እስከ አራተኛው ወር የግስ ሠንጠረዥ ስሸመድድ ነበር። ወረቀት ላይ አንደኛ፣ አፌን ስከፍት ባዶ።

ክሪ ወንድና ሴት አይለይም። ስሞቹ የሚከፈሉት ነፍስ ያለውና የሌለው ተብለው ነው። ሰውና ውሻ ነፍስ አላቸው፣ እሺ። ድንጋይም አለው። ካልሲም! ጫማ ግን የለውም። ግሱም አብሮ ይለወጣል፤ ካልሲውን "ኒዋፓማው"፣ ጫማውን "ኒዋፓህቴን" ነው የምለው። በእኛ ሁለቱም "አየዋለሁ" ነው። አንድ ማታ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን እያሳየሁ "ኒዋፓህቴን" አልኩ። አስተማሪያችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ በሳቅ ፈነዱ። "ገደልከው እኮ!" አሉኝ።

ይሄን ስለምድ ሌላ መጣ። "ታየኛለህ" ኪዋፓሚን ነው፣ "አይሃለሁ" ደግሞ ኪዋፓሚቲን። "ኪ" አንተ ማለት ነው። የማየው እኔ ብሆንም ከፊት የሚቆመው አንተ ነህ፤ ማን ማንን እንዳየ የሚናገረው ጅራቱ ነው። አድራጊና ተቀባይ ግስ ውስጥ ሲታጨቁ በአማርኛ ስለለመድኩት ይቀለኛል ብዬ ነበር። መታጨቁስ አልከበደኝም፣ ቅደም ተከተሉ ነው ጉድ የሠራኝ።

መላ ያገኘሁት ከፍሬዳ አሄናኪው ነው። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የተወለዱ ክሪ፣ የ12 ልጆች እናትና የቋንቋ ምሁር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አረፉ። በ1984 ለማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የማስተርስ ጥናት ሰዋስው ከታሪክ ውስጥ እየተለቀመ ይሰጥ አሉ። ከቋንቋ ምሁሩ ኤች. ሲ. ቮልፋርት ጋር ሆነው የሴት አያቶችን ትረካ በክሪ እንደተነገረ ጽፈው አሳተሙ። ሴቶቹ የሚያወሩት ስለ ኑሯቸው ነው። ሠንጠረዥ ውስጥ ማን እንደሚያይ እንኳ አይታወቅም፤ እዚህ ግን ሰው አለ።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ዘጋሁት። ግማሽ ገጽ ትረካ እወስዳለሁ፣ ግሶቹን አሰምራለሁ፣ ያልገባኝን "ኢትዌዊና" የሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ እጽፋለሁ። የተረባውን ግስ እንዳለ ብትሰጡት በትኖ ያሳያችኋል። የመጀመሪያው ገጽ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ፊደሉን ገና እየነካካሁት ነው። እኛ በ ቡ ቢ ስንል እግር እንቀጥላለን፣ እነሱ ምልክቱን ያዞሩታል። ጫፉ ወደ ላይ ሲሆን ፒ፣ ወደ ታች ፔ፣ ወደ ቀኝ ፖ፣ ወደ ግራ ፓ። ማታ ማታ ሲደክመኝ ሁሉም አንድ ይሆንብኛል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንለያይ "ኪህትዋም ካዋፓሚቲን" እንባባላለን። እንደ "ቻው" ነበር የያዝኩት። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ቆሜ ነቃሁ፦ ያ ያስቸገረኝ "ሚቲን" ለካ እዚህ ውስጥ ነው! "እንደገና አይሃለሁ።" ሮጬ ተመልሼ ለአስተማሪዬ ነገርኳቸው። "ጎሽ" በሚል ዓይን አዩኝና፣ ክፍሉን በሙሉ ስሰናበት ግን "ካዋፓሚቲናዋው" ማለት እንዳለብኝ ነገሩኝ።