ቫይኪንግስን ያላመነው ደብተሬ

ሴንት ፖል ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። እሑድ ሰው ሁሉ ለቫይኪንግስ፣ ለሚኒሶታው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ሐምራዊ ለብሶ ሲጮኽ እኔ ኳሱ የት እንዳለ እንኳን አይታየኝም። ሥራ ቦታ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሌላ ወሬ የለም። የ2022 ውድድር ሲጀመር አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሚኒሶታ ልጅ በየሳምንቱ የቫይኪንግስን ጨዋታ እንገምት፣ የተሳሳተ ምሳ ይጋብዝ አለኝ። እሱ ሁሌም ቫይኪንግስ ነው። እኔ የፈለግኩትን እመርጣለሁ። ይሄ ምን ያቅተኛል አልኩና ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ የመዘገብኩት ጠቅላላ ያርድ ነበር፤ ቡድኑ ኳሱን ወደፊት የገፋበት ርቀት ማለት ነው፣ አንዱ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ብዙ ያርድ የሄደ ይበልጣል፣ አለቀ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ኳስ ይዘው ብዙ የሚሮጡ ቡድኖች ብዙ እንደሚያሸንፉ አየሁ። «የሚሮጠውን ምረጥ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። አሁን ሳየው ያስቀኛል። እየመራ ያለ ቡድን ሰዓት መግደል ይፈልጋል። ሯጩ ሜዳ ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ተወርውሮ ያልተያዘ ኳስ ግን ሰዓቱን ያስቆማል። ስለዚህ ስለሮጠ አይደለም የሚያሸንፈው፤ እያሸነፈ ስለሆነ ነው የሚሮጠው። በ20 ነጥብ የተበለጠው ቡድን በበኩሉ መወርወር ብቻ ነው ያለው። ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ሸሽተው አጭር አጭሩን ይለቁለታል። ማታ ቁጥሩን ስታይ የተሸነፈው በያርድ በልጦ ታገኘዋለህ።

ጠቅላላውን ትቼ ኳሱ በተነሳ ቁጥር በአማካይ ስንት ያርድ እንደሚሄዱ መያዝ ጀመርኩ። እሱ ይሻላል። ለባለሜዳው 2 ነጥብ ገደማ እጨምራለሁ። ከእጅ ያመለጠ ኳስ ማንሳትን ግን ሰረዝኩት። ኳሱ እንቁላል መሳይ ነው፣ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር ማንም አያውቅም። ማን እንደሚያነሳው ሳንቲም እንደ መወርወር ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ቀላሉ ነገር ነው፦ ካስቆጠሩት ነጥብ የተቆጠረባቸውን መቀነስ። ኅዳር ላይ ዳላስ ካውቦይስ እዚሁ መጥቶ ቫይኪንግስን 40 ለ 3 ቀጣው። ደብተሬን ደመርኩ። 8 አሸንፈው 2 ተሸንፈዋል፤ የነጥብ ልዩነታቸው ግን ከዜሮ በታች 2። ደግሜ ደመርኩ፣ ያው ነው። ሲያሸንፉ ለጥቂት፣ ሲሸነፉ ግን ለጉድ።

ይሄ ቡድን መካከለኛ ነው ብዬ ወሰንኩና ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተቃራኒውን መረጥኩ። ፓትሪየትስን መረጥኩ፣ ቫይኪንግስ አሸነፈ። ጄትስን መረጥኩ፣ ቫይኪንግስ አሸነፈ። ዲትሮይት ላይ ላየንስ አሸነፈልኝና ደረቴን ነፋሁ።

ቀጥሎ ኮልትስ መጣ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 8፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 17። ዕረፍት ሲወጡ ኮልትስ 33 ለ 0 ይመራል። ለጓደኛዬ «ጥብስ አምሮኛል» ብዬ ጻፍኩለትና ቲቪውን አጥፍቼ ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ወረድኩ። ልብሱ ማድረቂያ ውስጥ እየዞረ ከላይ ወለሉ መደብደብ ጀመረ። ሰው ይዘላል። ስልኬን አወጣሁ። 39 ለ 36፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ ቫይኪንግስ። በኤንኤፍኤል፣ በፉትቦሉ ሊግ፣ ታሪክ እንዲህ ካለ ርቀት ተመልሶ ያሸነፈ የለም። ባለቤቴ ፊቴን አይታ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ደብተር ቤታችንን ሊያፈርስ ነው» አለችኝ። ጥብሱን እኔ ገዛሁ።

ነገሩ ደብተሩ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። የነጥብ ልዩነት ቡድኑ መካከለኛ ነው ይላል እንጂ እሑድ ይሸነፋል አይልም። መካከለኛ ቡድን ከግማሽ ጨዋታው ገደማ ያሸንፋል፣ ደካማ ሲገጥመው ደግሞ ከዚያ በላይ። ኮልትስ በዚያን ጊዜ 4 ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። በእልህ ነው የመረጥኩት።

መደበኛው ውድድር ሲያልቅ 13 አሸነፉ፣ 4 ተሸነፉ። 424 ነጥብ አስቆጠሩ፣ 427 ተቆጠረባቸው። በ8 ነጥብና ከዚያ በታች ባለቁት 11 ጨዋታዎች 11ዱንም አሸንፈዋል። ካስቆጠሩትና ከተቆጠረባቸው ነጥብ ተነስቶ ስንት ማሸነፍ እንደሚገባ የሚያሰላ ቀመር አለ፤ የስፖርት ቁጥር ተንታኙ ቢል ጄምስ ለቤዝቦል ፈጠረው፣ ዳሪል ሞሪ ደግሞ ለፉትቦል አመቻቸው፤ እሱ እንደሚለው ከ17ቱ 8 ከምናምን ነበር የሚገባቸው።

ጥር ላይ ለፕሌይኦፍ፣ ተሸናፊው ለሚሰናበትበት ጥሎ ማለፍ፣ ጃያንትስ ወደ ሚኒያፖሊስ መጣ። የእነሱም የነጥብ ልዩነት ከዜሮ በታች 6። በፈረንጅ ገና ዋዜማ ተገናኝተው ቫይኪንግስ 27 ለ 24 ያሸነፈው በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ61 ያርድ በተመታ ኳስ ነበር። ሁለቱም እኩያ ናቸው፣ ሜዳው የቫይኪንግስ ነው። ደብተሩ «ቫይኪንግስ፣ በጠባብ» አለኝ። እኔ ግን ምሳ የገዛሁባቸውን ሳምንታት አስቤ ጃያንትስን መረጥኩ።

31 ለ 24፣ ጃያንትስ። በመጨረሻው ሙከራ ቫይኪንግሶች 8 ያርድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኳስ ወርዋሪያቸው ከርክ ከዝንስ 3 ያርድ ላይ ለቆመው ለቡድን ጓደኛው ሆከንሰን ወረወረ። 8 ሳይደርስ እዚያው ጣሉት።

ማክሰኞ ጓደኛዬ ቃሉን ጠብቆ ጥብስ ቤት ወሰደኝ። ትክክል የሆንኩት ደብተሬን ባልሰማሁበት ቀን መሆኑን አልነገርኩትም።