ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወረቀት

ስዊድን ውስጥ የኩሬና የወንዝ ናሙና በሚለይ ቤተ ሙከራ ስሠራ ሁለተኛው በጋዬ ነበር። አንድ ቀን የጌሪስ ብልቃጥ ደረሰኝ፤ ጌሪስ ማለት ውሃ ላይ ሳይሰምጡ የሚንሸራተቱት እግረ ረጃጅም ነፍሳት ናቸው። ያልጎለመሱትን ቶሎ ለየሁ፤ የእግራቸው ጫፍ አንድ አንጓ ብቻ ነው፣ የጎልማሳው ግን ሁለት። አምስት ጎልማሶች ቀሩኝ። ሦስቱ ባለ ረጅም ክንፍ፣ ሁለቱ ባለ አጭር ነበሩ። በዚህ አልተሳሳትኩም። አንድ ዝርያ በሁለቱም መልክ ሊገኝ እንደሚችል በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረኝ ኃላፊዬ ነው፤ ይህን ውለታውን አልረሳም።

ችግሩ አምስቱም ሴቶች መሆናቸው ነው። ጌሪስ ላኩስትሪስና ጌሪስ ኦዶንቶጋስተር የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች መጠናቸውም መልካቸውም ይቀራረባል። የኦዶንቶጋስተር ወንድ ግን በጀርባው ሲገለበጥ ከሆዱ ሥር፣ ወደ ጫፉ ግድም፣ ሁለት ጥርስ መሰል ጉጦች ይታያሉ፤ ስሙም በግሪክኛ ‘ጥርሳም ሆድ’ እንደማለት ነው። በእነሱ የምትታገለውን ሴት አጥብቆ ይይዛል። ሴቷ ጥርስ የላትም። የፊት ጭናቸውን ቀለም ሞከርኩ፤ የተቀመጡበት አልኮል አደብዝዞታል። ስለዚህ ቅጹ ላይ “ጌሪስ፣ ዝርያው ያልተለየ” ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊዬ መጣ። እዚያ አለቃና ሠራተኛም አንተ አንቺ ይባባላሉ።

“ይህ ምንድን ነው?” አለኝ።

“ሁሉም ሴቶች ናቸው። መለየት አልቻልኩም።”

“ከዚያ ኩሬ የሚመጣው ሁልጊዜ ላኩስትሪስ ነው። ላኩስትሪስ በዪው።”

“ወንድ ሳላይ?”

“ደንበኛው የሚፈልገው ስም ነው፤ ያልተለየ ለሚል መልስ አይከፍልም።”

ዝም አልኩ። ከዚያ ሰረዝኩና ላኩስትሪስ ብዬ ጻፍኩ። ያልቆጣኝ፣ ያላስፈራራኝ ሰው ነው። እጄ ለምን እንደታዘዘው ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያው ኩሬ ሌላ ናሙና መጣ። የመጀመሪያውን ወንድ በወረንጦ ገልብጬ ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩ፤ ሁለቱ ጥርሶች ጎልተው ታዩኝ። ልቤ መታ። ሮጬ ጠራሁት፤ ጎንበስ ብሎ አየ።

“ቆንጆ ነው” አለ። “ግን ሁለቱ ዝርያዎች አንድ ኩሬ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ያንቺዎቹ ላኩስትሪስ አልነበሩም ማለት አይደለም።”

እውነቱን ነው፤ የከፋኝም ይኸው ነው። ተሳስተሃል ልለው አልቻልኩም፤ እሱም ትክክል ነበርኩ ሊል አይችልም። ቅጹ ይታረም ብዬ ጠየቅሁ፤ ተልኳል ተባልኩ።

ማታ ሁሉም ሲወጡ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አውርጄ አምስቱን ሴቶች አንድ በአንድ እንደገና አየኋቸው። አሁንም አልለየኋቸውም። ትንሽ ወረቀት ቆረጥኩ፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ስለሚለቅ በእርሳስ “አምስት ሴት። ወንድ የለም። ዝርያው አልተለየም” ብዬ ጽፌ ከነቀኑ ብልቃጡ ውስጥ ከተትኩት፤ ክዳኑንም አጠበቅሁ።