ፋይሉ ተዘግቷል

እናቴ ሰሞኑን «ዶክተር ስትሆኚ ጉልበቴን ታዪልኛለሽ አይደል?» አለችኝ። የምማረው ሶሻል ዎርክ እንደሆነ አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ። ጅማ ላይ ግን ዶክተር ማለት ነጭ ጋውን ነው፤ ምን ታድርግ!

የኔ ዲግሪ ዲኤስደብልዩ ይባላል፣ የሶሻል ዎርክ ዶክትሬት ማለት ነው። ፒኤችዲ ወደ ተመራማሪነትና ወደ መምህርነት ያደላል፤ ይሄኛው ግን ሥራውን ሳይለቅ ለሚማር ሰው የተሰናዳ ነው፣ የሚያጠናው ጥያቄም ከዚያው ከሥራው ይመጣል። ስሙ እንኳ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ድሮም ነበረ፣ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ፒኤችዲ ለወጡት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ለባለሙያዎች ብሎ መልሶ ጀመረው። እኔ ከውጭ በኢንተርኔት ነው የምማረው። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ።

የጥናት ጥያቄዬን ያመጣልኝ አንድ ልጅ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ነበር የሚያድረው። በአጋሮ በኩል ወዳለው ቤተሰቡ ራሴ ወስጄ አስረከብኩት፣ ቡና ተፈላልን፣ አያቱ መረቁኝ፣ ተመልሼ ፋይሉ ላይ «ከቤተሰብ ጋር ተቀላቅሏል» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። የቡና ለቀማው ሲያልቅ ልጁ መናኸሪያው ተመልሷል! ፋይሉ ግን እንደተዘጋ ነው፣ በሪፖርታችንም የተሳካ ተብሎ ተቆጥሯል። እንዲህ ያለ ስንት ፋይል ዘግቻለሁ? ለምን እንደሚመለሱ ነው ማጥናት የፈለግኩት።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፋይሉ እጄ ላይ፣ ቤተሰቦቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሌላ ምን ቀረ? አማካሪዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «እነዚህ ሰዎች እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ?» ዝም አልኩ። ለልጇ ደብተርና ዩኒፎርም ያስገኘሁላት እናት፣ የቀበሌ ደብዳቤ ሲጠፋባት የምትደውለው ለኔ ነው፣ ታዲያ ጥናት ላይ ተሳተፊ ብላት ምን ትለኛለች? እሺ ነዋ። እምቢ ብትል እርዳታው የሚቋረጥባት ይመስላታል። ፋይሉም ቢሆን የተከፈተው ልጁን ለመርዳት ነው፤ ለኔ መመረቂያ አይደለም።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን እንደገና ጻፍኩት። ፈቃድ የሚጠይቀው ከኔ ሌላ ሰው እንዲሆን፣ እኔም ማን እሺ ማን እምቢ እንዳለ እንዳላውቅ። ሁለት ወር በላ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ወረቀት ደግሞ አያልቅም፣ እሱን ተዉት።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቤት ለቤት ዞረችልኝ። ስም አልነገረችኝም፣ ቁጥሩን ብቻ፦ ከተጠየቁት ሦስቱ አልፈለጉም። ደብተርና ዩኒፎርም ያልኳችሁ እናት ትኑርበት አትኑርበት አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት ቢሮ መጣች። የልጇን የልደት ካርድ ጉዳይ አወራን፣ አንድ ኪሎ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።