ሰሜን ሸዋን ለመጎብኘት ለምታስቡ፦ ወሩን፣ ሰዓቱንና መንገዱን አስቀድሞ ስለ መጠየቅ

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው የበዓል ሰሞን በቀረበ ቁጥር ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ከተማ በሚደውሉ ዘመዶችና ወዳጆች የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «አንኮበር ይሻላል ወይስ ጓሳ? በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል?» እኔም በተራዬ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ላሊበላ ለመሄድ ሳስብ የየአገሩን ሰው እጠይቃለሁ። ከዚህ ልውውጥ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አብዛኞቻችን የቦታውን ውበት ስናወድስ ቆይተን መንገደኛው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን፣ ማለትም በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓትና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ ሳንነግረው የምንቀር መሆናችንን ነው። ደጋውና ቆላው ተጎራብተው በሚገኙበት እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ አገር ደግሞ የዚህ ጉድለት ዋጋ ከባድ ነው።

ነገሩን በዋናው መንገድ ላስረዳ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከደረሰ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ስለዚህ ማለዳ በካፖርትና በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣ መንገደኛ ምሳ ሰዓት ላይ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጦ ጥላ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱንም ልብስ ከእጃችሁ እንዳታርቁ፣ ካፖርቱንም ከመኪናው ጣሪያ ላይ ከሚታሰረው ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡት አደራ እላለሁ። ጣርማበር ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት የሚፈልግ ሰው በማለዳ ይድረስ፤ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጉም ብዙ ጊዜ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ስለሚችል ሾፌሩን አታጣድፉት።

ጓሳን፣ ማለትም የመንዝ ሕዝብ የሚጠብቀውን የደጋ ሣር ሜዳ፣ ለማየት ጣርማበር ላይ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ግራ በመታጠፍ፣ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ነው። ስለ ጓሳ በአንድ ቀን ደርሶ ስለ መመለስ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ «እደሩ» የሚል ነው። ምክንያቱም ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት በገደሉ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ሲወጡ ማየት የሚችለው እዚያው ያደረ ሰው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ መንጋው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ይልና፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀጥሎ እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ሣሩን መንጨት ይጀምራል። ሰው በዝግታ ቀርቦ ከተቀመጠ ሣሩ ሲነጭ የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ትልቁ ወንድ ቀና ብሎ ካየ በኋላ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም በዱር አይገኝም።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን ዕድልም ትዕግሥትም ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸውና። መንጋው አጠገብ ሆናችሁ ጠብቁ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ያህሉ ሙከራው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት ከመቶ 25 ያህሉ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ልጆቻቸውን እንደማይነካባቸው ያወቁ ይመስላሉ። እኔ በአገራችን ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ የለም።

ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው የመንዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ሣሩን በራሱ ሥርዓት ስለ ጠበቀው ነው። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋና ሽማግሌዎች በወሰኑት ጊዜ ብቻ ተከፍቶ፣ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል። አስጎብኚዎቹም ጠባቂዎቹም የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ ክፍያችሁን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ማረፊያው ቀላል ነውና ስንቃችሁን ከደብረ ብርሃን ሸምታችሁ ያዙ፤ ወፍራም ብርድ ልብስም አይቅር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀኑ ጥርት ያለ ሲሆን ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። አረንጓዴውን የሚወድ ሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ጅብራውም ሣሩም ያን ጊዜ ያምራሉ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃዋል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣውን የእንግሊዝ ልዑክ ያስተናገደች ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጠውባታል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ነበረበት ኮረብታ የሚወጣው በእግር ስለሆነ፣ አረጋውያንን ይዛችሁ ከሆነ በእረፍት በእረፍት ውጡ። ከላይ ሆኖ የአፋርን ዝቅታ ቁልቁል ማየት ድካሙን ያስረሳል። ስትመለሱ ጊዜ ከተረፋችሁ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ፣ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በተወለዱባት በአንጎለላ ቆም በሉ። ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ደግሞ የሸኖ ቅቤ መንገዱ ላይ ነው።

ትክክለኛ ምክር ምን እንደሚመስል ያሳየችኝ በሐዋሳ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር ምን ልይ ብዬ ስጠይቃት፣ «አሞራ ገደል በማለዳ ሂድ፤ ጀልባዎቹ ዓሣውን ይዘው የሚገቡት ያኔ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የተጣለውን ለመልቀም ከሰው መሐል ይቆማሉ፤ ረፋድ ላይ ከሄድክ ግን የምታየው ባዶ ጀልባ ነው» አለችኝ። ቦታ፣ ሰዓትና ምክንያት በአንድ ትንፋሽ! እኔም በምላሹ ስለ ጓሳ የነገርኳት እንዲሁ ነው።

በዓልን ተከትሎ የሚጓዝ ሰው ዕቅዱን በጣም ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ገናን በላሊበላ አክብሮ፣ በቤተ ማርያም ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ለማየት የሚፈልግ ሰው ማደሪያውን ታኅሣሥ ውስጥ ልፈልግ ቢል አያገኝም፤ መስከረም ላይ ይያዝ። ጥምቀትን በጎንደር ለማክበርም እንዲሁ ነው። የጎንደር መንገድ የራቀበት ሰው በእኛው ዞን፣ በምንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲን ያስብ፤ ከአርባ በላይ ታቦታት በአንድ ቦታ የሚያድሩበት ታላቅ በዓል ነው። ጥር 10፣ ከተራ ሳይገባ ጠዋት መድረስ ያስፈልጋል።

የመንገዱን ሰላም በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በዚህ ረገድ ባለፈው ወር የሄደ ሰው ምክር ለዛሬ አይሠራም። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ወደምትሄዱበት ከተማ የሚመላለስ ሾፌር ፈልጋችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ማደሪያ የያዛችሁበትንም ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱ የነገሯችሁ ካልተስማማ ቀኑን ለውጡ። መንገዱ ሰላም ነው ከተባላችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ማለዳ ተነሡ፤ ከቻላችሁም 11 ሰዓት ሳይሞላ ከማደሪያችሁ ግቡ።