ባዶዋ ጀሪካን

ፒያሳ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ዘንድሮ 14 ዓመቴ ነው። መምህር መሆኔን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳብኝ ደሞዝ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ይነጥፋል። እኔን ይበልጥ የጎዳኝ ግን መሰልቸት ነው። ያው ምዕራፍ፣ ያው ምሳሌ፣ በየዓመቱ። አንዳንድ ቀን አፌ ያስተምራል፣ ልቤ ቤት ኪራይ ያሰላል።

በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ደግሞ ክፍሌ ሳሳ። ስም ስጠራ "አቤት" የሚለኝ ጠፋ። ስማቸውን ለመሰረዝ እጄ እምቢ አለኝ። ከሄዱት መካከል አንዳንዶቹ እኛን መልቀቅ አቅቷቸው፣ ከዳር ኮንዶሚኒየም በሌሊት እየተነሱ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡ ነበር። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ ተደፍተው ሲያንቀላፉ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

የማወራችሁ ግን ስለ አንድ ከሰዓት ነው። የዐድዋ ሰሞን ነበር። ከምሳ በኋላ ሁሉም ደንዝዟል፤ እኔም ጭምር። እንዲያው እንዲነቁ ብዬ 1888ን ሰሌዳው ላይ በግዕዝ ጻፍኩት፦ ፲፰፻፹፰።

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ዜሮስ በግዕዝ እንዴት ነው?"

"የለም" አልኩ።

"እና ድሮ ፈተና ላይ ዜሮ አይሰጥም ነበር?"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። (ለድሮ ተማሪ ዜሮ ምን ያደርግለታል፣ የየኔታ አለንጋ እያለ!)

ዕቅዴን ትቼ ጥያቄውን ተከተልኩት። ፴፮ እና ፫፻፮ን ጎን ለጎን ጻፍኩ። በግዕዝ ሠላሳ የራሱ ምልክት አለው፣ መቶም የራሱ አለው፤ ስለዚህ 36 ከ306 ጋር አይምታታም። በተለመደው አጻጻፍ ግን ከ306 ዜሮዋን ብታነሷት 36 ሆኖ ቁጭ ይላል። "እስቲ ፳፬ን በ፲፭ ወደ ታች ደርድራችሁ አባዙ" አልኳቸው። ታገሉ፣ ተሟገቱ፣ አልሰለፍ አላቸው። በተለመደው ቁጥር ሲሠሩት 360 ወጣ። በግዕዝ ስንጽፈው ፫፻፷ ሆነ፤ ዜሮዋ የለችም።

"ታዲያ ዜሮ ሥራዋ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

ዝም አሉ። መስኮት ሥር የምትቀመጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ ጣቷን እንኳ ሳታወጣ፣ "ውሃ ወረፋ ላይ እንደምናስቀምጣት ባዶ ጀሪካን ናት" አለች። "ውስጧ ምንም የለም፣ ግን ቦታ ትይዛለች። ካነሷት ከኋላ ያለው ይገባበታል።"

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ስለ አሃዞች የቦታ ዋጋ ስንት ዓመት ለፍልፌያለሁ፤ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። ለካ ቤቷ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ኖሮ፣ ወረፋ የምትይዘው እሷ ናት።

ያን ዕለት ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም።

የሚቀጥለውን ሳምንት ፈተና ሳርም፣ አንዱ ወረቀት ላይ በ306 መሐል፣ ዜሮዋ መሆን ባለባት ቦታ፣ ጆሮ ያላት ትንሽ ጀሪካን ተስላለች። ማርክ አልቀነስኩም።