«ሲስተር፣ ግሉኮስ ጨምሩለት እንጂ!»

ሐዋሳ ውስጥ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ የተኛ ሰው ዘመዶች አብዝተው የሚጠይቁን ይህንን ነው። በተለይ በመጋቢት ሙቀት «ደርቆ አለቀ እኮ» ይሉናል። ከጭንቀት የመጣ ስለሆነ ኮሪደር ላይ በሁለት ቃል መመለስ ይከብደኛል፤ እዚህ ልጻፈው።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነቱ ነው። የአንጎል ደም ሥር አንድ ቦታ ሳስቶ ተወጥሮ ይቆይና ድንገት ይፈነዳል፤ ደሙም በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ይፈሳል። በሽተኛው እንዲህ ያለ ራስ ምታት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ይላል። ያስመልሰዋል፤ አንዳንዱ እዚያው ራሱን ይስታል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማያውቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። የፈነዳው ሥር ከተዘጋ በኋላም፣ ሰውየው ነቅቶ ልጆቹን በስማቸው ከጠራና ሁሉም «ተመስገን፣ አለፈ» ካለ በኋላም፣ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ሌላ አደጋ አለ። የፈሰሰው ደም እየፈራረሰ ሲሄድ አጠገቡ ያሉ ደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም ያጥረዋል። ጠዋት ሲያወራ የነበረ ሰው ከሰዓት ምላሱ ይተሳሰራል።

ለዚህ በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 1990ዎቹ ሐኪሞች ሦስት ነገር አንድ ላይ ያደርጉ ነበር፦ የደም ግፊትን ከፍ ማድረግ፣ ፈሳሽ በብዛት መስጠትና ደሙን ማቅጠን። ቀጭን ደም በጠበበ ሥር በቀላሉ ያልፋል ብለው ነው። ጤነኛ ሰው ላይ የቀይ ደም ሴል ድርሻ 40 በመቶ ግድም ነው፤ እነሱ ወደ 30 በመቶ አካባቢ ያወርዱት ነበር። ደሙ ቀጥኖ ቢፈስም ኦክስጅን የሚሸከመው ያው ቀይ ሴሉ ነው! እሱ ሲቀንስ ለተጎዳው አንጎል የሚደርሰውም ይቀንሳል። ትርፉ ፈሳሽ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባና ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ሆን ብሎ ማቅጠን ቀርቷል፣ መቅረቱም ትክክል ነው። ግፊት ከፍ ማድረጉ ግን የመኮማተሩ ምልክት ለታየበት፣ የፈነዳው ሥር ከተዘጋ በኋላ፣ ዛሬም ይሠራበታል።

አሁን ፈሳሹን የምንይዘው በልኩ ነው፤ አይጎድልም፣ አይበዛም። መጉደሉም ይጎዳል፤ አንዳንዱ በሽተኛ ጨውና ውሃ በሽንቱ ያለ ልክ ይወጣበታል፣ እሱን መተካት አለብን። የምንሰቅለውም ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ስኳር ያለበት ውሃ የአንጎሉን እብጠት ያባብሳል። ኒሞዲፒን የሚባለውን መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም ለ21 ቀን ይወስዳል። ሌሊት የምንቀሰቅሰው ለዚህ ነው፣ አትቆጡን።

አልጋው ግርጌ ያለችውን ወረቀት አይታችኋል? የገባውና የወጣው ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ የሽንት ከረጢቱንም ጎንበስ ብለን የምናነበው ለዚህ ነው። አስታማሚ ሳይነግረን በፔርሙዝ ያመጣውን አጥሚት በኩባያ ሲሰጠው ሒሳባችን ይፋለሳል፣ ደግሞም መዋጥ ካልቻለ ትን ሊለው ይችላል። መጀመሪያ ጠይቁን።

አስፕሪን «ደም ያቀጥናል» ተብሎ ከቤት መምጣቱ ደግሞ በጣም ያስፈራኛል። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው፤ ለሚደማ አንጎል አደጋ ነው። እባካችሁ አትስጡ።

እናንተ ከእኛ ይልቅ በሽተኛውን ታውቁታላችሁ። ንግግሩ ከተቀየረ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ከወትሮው በላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ጥሩን።