የመኪናዬን ቢሲኤም እንዴት መርምሬ ቀየርኩ

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ዝናብ ነው። መጀመሪያ ፍሬቻው ሳልነካው መብራት ጀመረ። ቀጥሎ በሮቹ እየነዳሁ ተቆልፈው ይከፈታሉ። የመስታወት መጥረጊያው ሳጠፋው ወደ ቦታው አይመለስም፤ መሐል ላይ ይቀራል። ቅዳሜ ማታ ያቆምኩት መኪና ሰኞ ጠዋት አይነሳም። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። በሌላ መኪና ባትሪ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ያለችግር ይሄዳል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። አንዱ ባትሪ ቀይር አለኝ። ሌላው ዲናሞ ነው አለ። ለመጥረጊያው ደግሞ ሞተሩን፣ ለበሩ ደግሞ ቁልፉን ቀይር የሚል አልጠፋም። እኔን ያሳሰበኝ ሁሉም በአንድ ወቅት መታመማቸው ነው። ፍሬቻ፣ የበር ቁልፍና መጥረጊያ ምን ያገናኛቸዋል? ድሮ ምንም አያገናኛቸውም ነበር፤ ማብሪያውን ስትጫን ከረንቱ በቀጥታም ሆነ በሪሌ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። በዛሬዎቹ መኪኖች ግን ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ነው የሚልከው። ትእዛዙን ተቀብሎ ከረንት የሚለቀው ቦዲ ኮንትሮል ሞጁል የሚባል በሳጥን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ በአጭሩ ቢሲኤም ይሉታል። እሱ ሲታመም አምስት የተለያየ በሽታ ይመስላል።

ቢሆንም ጥርጣሬ ብቻ ይዞ ውድ ዕቃ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ከባትሪው ጀመርኩ። ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አሳየ። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት። ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ናቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ መኪናው ቆሞ ሳለ ምን ያህል ከረንት እንደሚበላ ለካሁ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ቴስተሩን በ10 አምፔር መለኪያው ላይ አድርጌ በባትሪውና በፈታሁት ኬብል መሐል አስገባሁት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴስተሩ መሐል እያለ ሞተር ለማስነሳት መሞከር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። በር ክፍት ከሆነም መኪናው አይተኛም፤ ማለትም ኮምፒውተሮቹ ሥራ አቁመው አያርፉም። ስለዚህ የበሩን መንጠቆ በካቻቢቴ ገፍቼ እንደተዘጋ አስመሰልኩት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ ነው የሚተኙት። ጤነኛ መኪና ከተኛ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው የሚበላው። የእኔው 0.9 አምፔር ላይ ቆሞ ቀረ። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 36 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ 32 አምፔር-ሰዓት ይበላል፤ ባትሪዬ ደግሞ 45 ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት አለመነሳቱ ተገለጠልኝ።

ከረንቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ለማወቅ ብዙ ሰው ፊውዝ እየነቀለ ይሞክራል። እኔ ይህን አልመክርም። ፊውዙ ተነቅሎ ሲመለስ የተኛውን ኮምፒውተር ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ያኔ ልኬቱ ይዛባል። የተሻለው ፊውዙን ሳይነቅሉ ጀርባው ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች ሚሊ ቮልት መለካት ነው። ከረንት የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል። የሚያልፍበት ትንሽ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥር የሰጠኝ ቢሲኤሙን የሚመግበው ፊውዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ከሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋር ቀጠልን። ወጣት ነው፣ ግን ረጋ ብሎ ያስባል። የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ ስካነር ይባላል። ስልክ ላይ የሚሠራው ርካሽ ስካነሬ የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የእሱ ስካነር ሁሉንም ኮምፒውተሮች ይጠራል። ሲጠራቸው ቢሲኤም አልመለሰም። ሌሎቹ ደግሞ ዩ0140 የሚል ኮድ ይዘው ተገኙ፤ ከቢሲኤም ጋር መገናኘት አልቻልንም ማለታቸው ነው።

«በቃ፣ ሳጥኑ ሞቷል ማለት ነው?» አልኩት።

«ቆይ ጋሼ፣ ገና ነው» አለኝ። «ሽቦው ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። ከረንት አልደረሰውም ይሆናል። ያን ሳናይ ሳጥን አናስገዛህም።»

ይህችን ንግግር የሰማሁ ቀን ነው ትክክለኛ ሰው እጅ ላይ መውደቄን ያወቅኩት። ባትሪውን ፈቶ ስካነሩ በሚሰካበት ሶኬት 6ኛና 14ኛ ቀዳዳዎች መሐል ሬዚስታንስ ለካ። 60 ኦም ሰጠ። ኮምፒውተሮቹ በሚነጋገሩበት የመረጃ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ 120 ኦም 120 ኦም ስላለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆጠሩ 60 ይሆናሉ። 120 ቢል ኖሮ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ቢጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ከዚያ ባትሪውን መልሶ አሠረና የቢሲኤሙን ሶኬት ነቅሎ የከረንቱንና የግራውንዱን ሽቦ መረመረ። በቴስተር ብቻ አይደለም። 21 ዋት የፍሬን አምፖል አሰረበት። ቴስተር ከረንት አይጎትትም፤ ከሽቦው ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ቀርታም 12 ቮልት ያሳያል። አምፖሉ ግን ወደ ሁለት አምፔር የሚጠጋ ስለሚጎትት ደካማ ሽቦ ላይ ይፈዝዛል። የእኛው ቦግ ብሎ በራ። ከረንት አለ፣ ግራውንድ አለ፣ መስመሩም ደህና ነው። አሁን ጥፋቱ የሳጥኑ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሳጥኑ በሾፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ነው ያለው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን፣ ጥቂት ጠብቀን አወጣነው። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ክዳኑን ስንከፍት ቦርዱ ላይ የውሃ ምልክት አለ፤ አንድ ሁለት መስመር ተበልቶ ተቆርጧል። በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ብናጸዳውም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሌላ ሳጥን ገዝቶ ይገጥምና ጉዳዩን ይዘጋል። ውሃው ግን ከሰማይ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ አልወረደም፤ መግቢያ አለው። እኔ ዳሽቦርዱ ሥር በስልክ መብራት ተኝቼ፣ ኤሌክትሪሺያኑ የፊት መስታወቱ ግርጌ ላይ በጆግ ውሃ አፈሰሰ። ብዙም ሳይቆይ በሽቦዎቹ ጥቅል ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ አየሁት። ኮፈኑን ከፍተን ከመስታወቱ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ስናነሳ የውሃ መውረጃው በቅጠል ተደፍኗል። ዓመቱን ሙሉ የማቆመው ዛፍ ሥር ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ሽቦው በሚያልፍበት ያረጀ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መውረጃውን ጠረግን፣ ጎማውን ቀየርን፣ ውሃ አፍስሰን ደግመን አየን። ደረቅ። ከዚህ በኋላ ነው ዕቃ ፍለጋ የወጣሁት።

አዲሱ በትእዛዝ የሚመጣ ስለሆነ ውድም ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የአሮጌውን ሳጥን የመለያ ቁጥር ፎቶ አንስቼ ነበር። አንድ ነጋዴ መልኩ ቁርጥ የእኔውን የመሰለ አወጣልኝ። ሶኬቱ ይገጥማል። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ትለያለች። «ጋሼ፣ አንድ ናቸው፣ ይሠራል» አለኝ። ምናልባት ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ የጭጋግ መብራት ላለው፣ ሌላው ለሌለው መኪና የተሠራ ሊሆን ይችላል። ተውኩት። ሌላ ሱቅ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም አገኘሁ፤ ካልሠራ እንደምመልስም ተስማማን።

የሚቀጥለው ክፍል ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነው። ቢሲኤም እንደ አምፖል ነቅለው የሚሰኩት ዕቃ አይደለም። ውስጡ የመኪናው መለያ ቁጥርና ምን ምን ዕቃ እንዳለው ተጽፏል። በብዙ መኪኖች የቁልፉ ምስጢርም እዚያው ነው። የሌላ መኪና ሳጥን ከነትውስታው ከተገጠመ ቁልፉን አያውቀውም፤ ሞተሩም ላይነሳ ይችላል። የእኔ አሮጌ ሳጥን ቦርዱ ቢበላም ትውስታውን የያዘችው ትንሽ ቺፕ ደህና ነበረች። ኤሌክትሪሺያኑ አንብቦ ገለበጠና ባመጣሁት ሳጥን ላይ ጻፈው። ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ የቀሩትን ማስተካከያዎች በስካነር ሠራ። አሮጌው ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ቁልፎቹን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ነበረብን። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ አሮጌውን ሳጥን ለማንም አትስጡ።

በስካነር ሲጻፍ የባትሪው ቮልት መውረድ የለበትም። ጽሑፉ መሐል ላይ ከተቋረጠ ሳጥኑ እንደሞተ ሊቀር ይችላል። በግድግዳ ቻርጀር እንዳንተማመን መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅም። ሌላ ሙሉ ባትሪ በኬብል ጎን ለጎን አስረን ሠራን።

ቁልፉን ሳዞር ተነሳ። ፍሬቻ፣ መጥረጊያ፣ መስኮት፣ ክላክስ፣ የፍሬን መብራት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከርን። ኮዶቹን አጥፍተን መኪናውን አስተኛነው። ቴስተሩ 0.03 አምፔር አሳየ።

ሶኬቶቹን ስንመልስ ፒኖቹ ላይ የኤሌክትሪክ ቅባት ቀባን። ይህ ለይስሙላ አይደለም። ጀነራል ሞተርስ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ2.4 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን በአሜሪካ ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ ከ2004 እስከ 2012 ሞዴል ያሉ የሸቭሮሌት ማሊቡ መኪኖች ይገኙበታል። የቢሲኤሙ የሽቦ መገናኛ በመፋተግ እየዛገ የፍሬን መብራቱ ሳይረገጥ ይበራል፣ ተረግጦም አይበራም። መፍትሔው ሶኬቱ እንዳይንቀሳቀስ ማጥበቅና እንዲህ ዓይነት ቅባት መቀባት ነበር፤ ሳጥን መቀየር አላስፈለገም። የእናንተም መኪና እንዲህ ካደረገ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ እዩ።

ይህን ሥራ ለጋራዥ የምትሰጡ ከሆነ መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የከረንቱንና የግራውንዱን ሽቦ በምን ነው የምትፈትሹት? የአሮጌውን ሳጥን ትውስታ ወደ አዲሱ ማዛወር ትችላላችሁ? ለሁለቱም ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ጋራዥ ሞክሩ።